ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይስቅብኛል

ጥያቄ፦ «ልጄ አራት ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል፤ ታናሽ እህቱ ገና አስር ወሯ ነው። ላለፉት ሁለት ወራት ፀጉሯን ይጎትታል፣ ይገፈትራታል፣ አንድ ሁለቴም ነክሷታል። መጫወቻህን ሰብስብ ሲባል ይወረውረዋል። መምታት ስለማልፈልግ ታይም አውት ጀመርኩ። መኝታ ቤት አስገብቼ ‹እስክትረጋጋ አትወጣም› እለዋለሁ። እሱ በር ይደበድባል፣ እኔ ከውጭ ሆኜ ጥፋቱን አስረዳዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ግማሽ ሰዓት እንጨቃጨቃለን። ወንበር ላይ ማስቀመጥም ሞክሬ ነበር፤ ተቀምጦ ይስቅብኛል። በቀን ሰባት ስምንት ጊዜ ይደርሳል። እናቴ አብራን ስለምትኖር ዞር ስል ታቅፈዋለች፤ የበተነውንም እሷው ትሰበስብለታለች። ባለቤቴ ‹አንዴ ቆንጠጥ ብታደርጊው ያበቃ ነበር› ይለኛል። ሰሞኑን ደግሞ ታይም አውት ልጅን ይጎዳል የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ልተወው ወይስ ልቀጥል? ግራ የገባት እናት»

መልስ፦ አይተዉት። ግን እስካሁን ሲያደርጉት የቆዩት ነገር ታይም አውት አይደለም ብንልዎ አይቀየሙን። ደብዳቤዎ ውስጥ ነገሩን ሁሉ የሚፈታ አንድ ሐረግ አለ፤ «ግማሽ ሰዓት እንጨቃጨቃለን» ያሉት።

የአስር ወር ሕፃን ባለችበት ቤት አንድ የአራት ዓመት ልጅ እናቱን ለብቻው ግማሽ ሰዓት የሚያገኛት መቼ ነው? ማጥባት አለ፣ ዳይፐር አለ፣ ማስተኛት አለ። የእህቱን ፀጉር ሲጎትት ግን እናቱ የያዘችውን ሁሉ ጥላ ትመጣለች፤ በሩ ሥር ቆማ ስሙን እየጠራች ታናግረዋለች፤ እሱ አንዴ በሩን ሲመታ እሷ አሥር ዓረፍተ ነገር ትመልስለታለች። ቁጣ ቢሆንም ከመረሳት ይሻላል። ልጅዎ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሒሳቡ ስላዋጣው ነው። ወንበር ላይ ሆኖ ሲስቅም እየቀለደብዎ ሳይሆን ፊትዎን እየጠበቀ ነው። ሳቁ ካናደደዎ ወንበሩም የጨዋታው አካል ሆነ ማለት ነው።

«ታይም አውት» የሚለው ስም ከረዘመ ሐረግ ተቆርጦ የቀረ ነው። ሙሉው «ባሕርይን ከሚያጠናክሩ ነገሮች ለጥቂት ጊዜ መውጣት» እንደማለት ነው። ሐሳቡን ቀድመው ካራመዱት መካከል አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር አርተር ስታትስ ይገኙበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ ሞንትሮዝ ዎልፍና ባልደረቦቻቸው ለአንድ የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ እንዴት እንደተጠቀሙበት ጽፈው አሳተሙ። ወንበሩም፣ ጥጉም፣ ክፍሉም ከዚህ ሐሳብ በኋላ የመጡ ዕቃዎች ናቸው። ዋናው ጥያቄ ልጁ የት ተቀመጠ ሳይሆን ከምን ወጣ የሚለው ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ከወንበሩ ውጭ ያለው ሕይወት ለልጁ የሚጣፍጥ መሆን አለበት፤ ቀኑን ሙሉ «ተው»፣ «አትንካ»፣ «ዝም በል» ሲባል የሚውልን ልጅ ከምን እናስወጣዋለን? ሁለተኛ፣ ወንበሩ ላይ ሳለ ምንም ነገር ማግኘት የለበትም። መጫወቻ ብቻ ሳይሆን ስብከትም፣ ግልምጫም፣ ልመናም፣ ፈገግታም። አብዛኛው ወላጅ ሁለተኛውን ግማሽ በግማሽ ይሞክርና አንደኛውን ጨርሶ ይዘለዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ወንበሩን ይርሱት። በዚያ ሳምንት እህቱን ቢመታ አንድ ቃል ሳይናገሩ ሕፃኗን አንስተው ዞር ማለት ብቻ ነው የእርስዎ ድርሻ። የሳምንቱ ሥራ ሌላ ነው፦ በየቀኑ አስር ደቂቃ ከእሱ ጋር ብቻ መጫወት። ሕፃኗ ስትተኛ፣ አለዚያም አያቷ ሲይዟት። ስልክዎ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ጨዋታውን እሱ ይመርጣል፣ እርስዎ ይከተላሉ። በእነዚህ አስር ደቂቃዎች ማዘዝ፣ መጠየቅና ማረም ክልክል ነው። «ይሄ ምን ቀለም ነው?» ደግ ቢመስልም ፈተና ነው። በምትኩ የሚያደርገውን ያዩትን ያህል ይናገሩለት፦ «ቀዩን ሰማያዊው ላይ ጫንከው። አሁን ግንቡ ከጉልበትህ በለጠ።» የመጀመሪያው ቀን ኳስ ጨዋታ የሚያስተላልፉ ጋዜጠኛ የሆኑ ይመስልዎታል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ልጁ ራሱ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። አንድ ነገር አደራ፦ ይህ አስር ደቂቃ ሽልማት አይደለም፣ በጥፋትም አይሰረዝም። ጠዋት እህቱን ነክሶ ከሰዓት በኋላም ጨዋታው ይቀጥላል። በተለይ እንዲያ ባለ ቀን።

ከዚሁ ጋር ምስጋናዎን ይጠግኑ። «ጎበዝ» የሚለው ቃል ምን ላይ ጎበዝ እንደሆነ ለልጁ አይነግረውም። «እጇን ቀስ ብለህ ያዝክላት፣ አየሁ» ይነግረዋል። በተለይ የችግሩን ተቃራኒ እያደኑ ያመስግኑት። እህቱ አጠገብ ተቀምጦ ለሃያ ሰከንድ ምንም ሳያደርጋት ቢቆይ ያ ሃያ ሰከንድ የሚጠቀስ ነው። ብዙ ጊዜ እኛ ወላጆች እንዲህ ያለውን ጸጥታ ስናይ «ዝም ብሏል፣ አልነካካው» ብለን በእግራችን ጫፍ እናልፈዋለን፤ ልጁም ጸጥታ ማንንም እንደማያመጣ ይማራል።

በሁለተኛው ሳምንት ወንበሩ ይመለሳል። ግን ለሁሉም ጥፋት አይደለም። በቀን ስምንት ጊዜ የሚሆነው አንድ መሣሪያ ለሁሉም ነገር ስለሚውል ነው። የእርስዎን ልጅ በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ ይምረጡ፦ ሰው መጉዳት (መምታት፣ መንከስ፣ ፀጉር መጎተት፣ መገፍተር) እና በግልጽ የታዘዘውን አለማድረግ። ማልቀስ፣ ማኩረፍ፣ መነጫነጭ፣ ምላስ ማውጣት፣ «አልወድሽም» ማለት፤ ለእነዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ውሃ መድፋትና ሱሪ ማርጠብ ደግሞ ጭራሽ ጥፋት አይደሉም።

ሁለቱ አንድ ዓይነት አይደሉም። ለመጉዳት ማስጠንቀቂያ የለም፤ «ሌላ ጊዜ ብትመታት» ማለት የአሁኑን በነፃ መስጠት ነው። ላለመታዘዝ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ አንድ ብቻ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የለውም።

ትእዛዙ ራሱ ብዙ ጊዜ ከመነሻው የተበላሸ ነው። ከወጥ ቤት ሆኖ «ክፍልህን አስተካክል እንጂ፣ እሺ?» ማለት ትእዛዝ ሳይሆን ልመናም ጥያቄም ነው፤ «እሺ?» ለተባለ ልጅ «እምቢ» ተገቢ መልስ ነው። ወደ ልጁ ይሂዱ፣ ክንድዎ የሚደርስበት ርቀት ላይ በርከክ ይበሉ፣ ስሙን ይጥሩ፣ ዓይኑ ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ ይዘዙት፦ «እነዚህን ብሎኬቶች ሳጥኑ ውስጥ ክተት።» ከዚያ ዝም። በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ፤ ጮክ ብለው አይቁጠሩ፣ አለዚያ ልጁ «አምስት» እስኪባል መጠበቅን ይለምዳል። መንቀሳቀስ ከጀመረ ወዲያው ያመስግኑት። ካልጀመረ፦ «ብሎኬቶቹን ካልከተትክ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ።» እንደገና አምስት። አሁንም ከሌለ ወደ ወንበሩ።

የወንበሩ ቦታ መኝታ ቤቱ አይሁን። መኝታ ቤት መጫወቻ አለ፣ አልጋ አለ፤ ደግሞም እንቅልፍ የሚወስደው ክፍል የቅጣት ክፍል ሲሆን ማታ ሌላ ጣጣ ያመጣል። መታጠቢያ ቤት፣ ጨለማ ክፍል፣ የሚቆለፍ በር፤ እነዚህ በፍጹም። የሚሻለው ከሳሎን ጥግ ወይም ከኮሪደር የተቀመጠ ተራ ወንበር ነው። እጁ ሲዘረጋ ግድግዳም፣ መጋረጃም፣ ዕቃም የማይደርስበት፤ ቴሌቪዥን የማይታይበት፤ እርስዎ ግን በጎን ዓይን የሚያዩት ቦታ።

ከመጀመርዎ በፊት ሁላችሁም በተረጋጋችሁበት ሰዓት አንድ ጊዜ ያለማምዱት። አሻንጉሊት ይዘው ይጫወቱት፦ አሻንጉሊቱ ድቡን ይመታል፣ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሰዓቱ ይጮኻል፣ ይነሳል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ከዚያ ልጁ ራሱ ተራውን ለግማሽ ደቂቃ ይሞክር። የማያውቀው ነገር በንዴቱ መሐል ድንገት ቢመጣበት ይደናገጣል፤ የሚያውቀው ግን ሥርዓት ነው።

አሁን ወደ ቅጽበቷ እንምጣ። ልጁ የእህቱን ፀጉር ጎተተ። መጀመሪያ እጁን ከፀጉሯ ያላቅቁ። «ፀጉሯን ጎትተሃል። ወንበር ላይ ትቀመጣለህ።» ይኸው ነው፣ አምስት ቃል። ድምፅዎ የአየር ሁኔታ እንደሚያነብ ሰው ይሁን። ከጥፋቱ እስከ ወንበሩ ያለው ጊዜ ከአስር ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ለዚህ ዕድሜ የአምስት ደቂቃ ልዩነት ጥፋቱንና ውጤቱን ያለያየዋል። እጁን ወይም ክርኑን በቀስታ ይዘው ይሂዱ። ሲቀመጥ «እኔ እስክነግርህ ተቀመጥ» ብለው ሰዓት ቆጣሪውን በሦስት ደቂቃ ሞልተው ዞር ይበሉ። ከዚህ በኋላ የሚናገረው ሰዓቱ ነው። ሕፃኗን አንስተው አባብሉ፤ ልጁ ሊያየው የሚገባው ትኩረቱ ወደተጎዳው ሰው መሄዱን ነው።

ሦስት ደቂቃ ለምን? «ለእያንዳንዱ የዕድሜ ዓመት አንድ ደቂቃ» የሚለው የተለመደ ልክ ነው፤ በእሱ ቢሄዱ አራት ደቂቃ ይሆናል፣ ችግር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሺላ አይበርግ የተጀመረው የወላጅና ልጅ መስተጋብር ሕክምና፣ ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ላሉ ልጆች የሚሰጠው፣ ለሁሉም ዕድሜ ሦስት ደቂቃ ይጠቀማል። ከዚያ ማርዘም ትርፍ የለውም። ልጁ ለምን እንደተቀመጠ ይረሳል፣ ወንበሩን ማወዛወዝ ይጀምራል፣ እርስዎም «ተው» ለማለት ይገደዳሉ፤ በዚያ መሐል ደግሞ በጎ ነገር አድርጎ የሚመሰገንበትን ጊዜ ይበላበታል።

የእርስዎ «እስክትረጋጋ አትወጣም» ግን ሁለት ችግር ነበረበት። የመውጫውን ቁልፍ ለልጁ ሰጠው፤ መረጋጋት ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ ማንም አልነገረውም። በንዴት የጦዘ የአራት ዓመት ልጅ በትእዛዝ አይረጋጋም። ስለዚህ ጊዜው የተወሰነ ይሁን፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ አጭር ጸጥታ ይጨመርበት፤ አምስት ሰከንድ ብቻ። ሦስቱ ደቂቃ ሲያልቅ እየጮኸ ከሆነ ይጠብቁ፤ ትንፋሽ የሚወስድበት ቅጽበት ይመጣል፣ አምስት ሰከንድ ከሞላ ይድረሱለት። እየጮኸ ካስነሱት ግን ያስነሳው ጩኸቱ ነው፤ ነገ ከመጀመሪያው ደቂቃ ይጮኻል። ጸጥታ ስንል እንደ ጅብራ መገተር አይደለም። እግሩን ቢያወዛውዝ፣ ቢያጉረመርም፣ ጀርባውን ቢሰጥ ምንም አይደል፤ መቀመጫው ወንበሩ ላይ ካለ ተቀምጧል።

ሲያልቅ ንግግር አያስፈልግም። «ለምን እንደተቀመጥክ ንገረኝ»፣ «ይቅርታ በል»፣ «ሁለተኛ እንዳይለምድህ»፤ እነዚህ ሁሉ አዲስ ፍልሚያ የሚከፍቱ ናቸው። «ጸጥ ብለህ ተቀምጠሃል፤ ና እንሂድ» ብለው ይመልሱት። እህቱን ጎድቶ ከነበረ አጠገቧ አስቀምጠው በቀስታ የሚነካ እጅ ምን እንደሚመስል ያሳዩት፤ ከዚያ በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ የሚመሰገንበት አንድ ነገር ይፈልጉለት። ቂም መያዝ የለም።

የመጫወቻው ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት፤ ቤትዎ ውስጥ ትልቁ ቀዳዳ እሱ ነውና። ልጁ ሰብስብ ተባለ፣ ወረወረ፣ ወደ ክፍሉ ተላከ፣ ሲመለስ ወለሉ ጸድቶ አገኘው። ከእሱ ወገን ሆነው ይዩት፦ መወርወር ከሥራ አስጣለው፣ ሥራውንም አያቱ ጨረሱለት። ፀጉር ሲጎትት የሚፈልገው ትኩረት ነበር፤ ሲወረውር የሚፈልገው ማምለጥ ነው። ለማምለጥ የሚያጠፋን ልጅ ወንበር ላይ ብቻ አስቀምጦ መተው ለጥፋቱ ደመወዝ መክፈል ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል፦ ብሎኬቶቹ ከወደቁበት አይነሱም። ከወንበር ሲነሳ ያችው ትእዛዝ በዚያው ቃል ትደገማለች፦ «ብሎኬቶቹን ሳጥኑ ውስጥ ክተት።» እምቢ ካለ እንደገና ማስጠንቀቂያ፣ እንደገና ወንበር። የመጀመሪያው ቀን ይህ አራት አምስት ጊዜ ሊዞር ይችላል፤ ስለዚህ እንግዳ ሊመጣ ሲል ወይም ልትወጡ ስትሉ አይጀምሩት። ሥራውንም ያሳንሱለት። «ክፍሉን አስተካክል» ለአራት ዓመት ልጅ ዳር የሌለው ነገር ነው። ስድስት ብሎኬትና አንድ ሳጥን ግን መጨረሻው ይታያል።

አሁን ምን ምን እንደሚበላሽ እንናገር፤ መበላሸቱ አይቀርምና።

ከወንበሩ ይነሳል። ይህ የሁሉም ወላጅ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቃል፣ ዓይኑን ሳያዩ መልሰው ያስቀምጡት፤ ሰዓቱ ከተቀመጠበት ይቆጥራል። ብዙ ልጆች ሦስት አራቴ ከተመለሱ በኋላ ይተዋሉ፤ አንዳንዱ ግን መመለሱ ራሱ ጨዋታ ይሆንለታል፤ አንዱ ሲሮጥ አንዱ ሲያባርር። የእርስዎ ልጅ ከዚህኛው ወገን እንደሚሆን ሳቁ ይጠቁማል። ስለዚህ በልምምዱ ቀን አስቀድመው ይንገሩት፦ «ከወንበር ከተነሳህ መጫወቻ መኪናህ እስከ ማታ ቁም ሳጥን ላይ ይቀመጣል።» ሲነሳ አንዴ ይመልሱት፤ ሁለተኛ ከተነሳ መኪናውን ያንሱ፣ ወንበሩንም በዚያው ይተዉት። አያባርሩት፣ ወንበሩ ላይ በእጅዎ ጨምቀው አይያዙት፣ በገመድ ወይም በመቀነት ማሰር የሚባለውን ሐሳብ ማንም ቢያመጣ አይስሙት። ትግል ከተጀመረ ታይም አውቱ አብቅቷል።

ይስቃል፣ ይዘፍናል፣ «ይሄን ወንበር እወደዋለሁ» ይላል። ይበል። ሦስቱ ደቂቃ እኩል ነው የሚያልፈው። ሽንቴ መጣ ካለ ይመኑት፤ ይውሰዱት፣ በመንገዱ አይነጋገሩ፣ ይመልሱት። «ጨረስኩ?» ሲል አይመልሱለት።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ግድም የሚመጣው ነው፤ ነገሩ ከበፊቱ ይብሳል። ይህ አሠራሩ እንደከሸፈ የሚያሳይ አይደለም። በር መደብደብ ለሁለት ወር ያመጣለት የነበረው ነገር ድንገት ሲቀር፣ ልጁ «ምናልባት አልሰሙኝ ይሆናል» ብሎ ጠንክሮ ይሞክራል፤ ገንዘብ በልቶ ዕቃ ያልሰጠ ማሽን ሰው እንደሚደበድበው ማለት ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ታይም አውት የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ቀን ተሸንፈው ቢያባብሉት ልጁ የሚማረው ትልቁ ጩኸት ዋጋ እንዳለው ብቻ ስለሚሆን፣ ለመጀመር የሚመርጡት ሳምንት ራሱ እርስዎ ታማሚ ወይም እንቅልፍ ያጡ ያልሆኑበት ይሁን።

ከቤት ውጭም ይሠራል፤ አግዳሚ ወንበር፣ የግቢ ጥግ፣ የቆመ መኪና ከእርስዎ ጋር። አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

እናትዎን በተመለከተ፣ አይጣሏቸው፤ ሥራ ይስጧቸው። ማቀፋቸው ስህተት አይደለም፤ ሰዓቱ ነው የተሳሳተው። ሦስቱ ደቂቃ ሲያልቅ ከወንበር የሚያነሱትና የሚያቅፉት እሳቸው ይሁኑ። ቤት ውስጥ ያሉ አዋቂዎች ሁሉ የሚጠቀሙበትን ዓረፍተ ነገር አንድ አድርጉት፤ አንዱ ሲያስቀምጥ ሌላው አስተያየት አይሰጥም፤ ያልተስማማችሁበትን ልጁ ሲተኛ ተነጋገሩ። መጫወቻውን መሰብሰብ ግን እንዲያቆሙ በትሕትና ይለምኗቸው።

ባለቤትዎ «ቆንጠጥ» ያሉት ለጊዜው ይሠራል፤ ችግሩም እሱ ነው። ቁንጥጫ ልጁን ወዲያው ያስቆመዋል፤ ስለዚህ ወላጁ ይደግመዋል፣ እየቆየም ያጠነክረዋል። ልጁ ግን እህቱን መጉዳት እንደማይቻል የሚማረው ትልቁ ትንሹን ሲጎዳ እያየ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ልጅን መምታትን ብቻ ሳይሆን መጮህንና ማዋረድንም እንዳይጠቀሙ ወላጆችን መክሯል። በሩ ሥር የነበረው ግማሽ ሰዓትም በዚህ ውስጥ ሳይገባ አይቀርም።

ያነበቡት ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። ተቺዎቹ የሚያነሱት ልጁ በጣም በሚፈልገን ሰዓት ገሸሽ እናደርገዋለን የሚል ነው፤ ለረጅም ሰዓት ተዘግቶ፣ ተዋርዶ፣ ማንም ሳያየው ለሚቀመጥ ልጅ ይህ ትችት ልክ ነው። በደንብ የተያዘው አጭሩ ታይም አውት ግን ሌላ ነገር ነው። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረጉት ጥናት ወደ 1,400 የሚጠጉ ቤተሰቦችን መረጃ፣ ልጆቹ ሦስት ዓመት ከሆናቸው ጀምሮ አምስተኛ ክፍል እስኪደርሱ፣ ተመልክተው ታይም አውት እንጠቀማለን ባሉ ወላጆች ልጆች ላይ የባሰ ጭንቀት፣ ድብርት ወይም ጠበኝነት አላገኙም።

ቢሆንም የማይሆንባቸው ጊዜዎች አሉ። ልጁ ፈርቶ፣ ታምሞ፣ ርቦት ወይም እንቅልፍ አጥቶ ሲያለቅስ ወንበር አይደለም የሚያስፈልገው። የአስር ወሯ ሕፃንም ፀጉር ብትጎትት እጇን ማላቀቅና ሌላ ነገር ማስያዝ ነው እንጂ፣ ሁለት ዓመት አካባቢ እስክትደርስ ይህን አትረዳም። በዓመፅ፣ በመጣል ወይም ወላጅን በማጣት ያለፈ ልጅ ከሆነ ደግሞ ያለ ባለሙያ ምክር አይጀመርም።

ሠራ አልሠራ የሚለውን በስሜትዎ አይመዝኑት፤ መጥፎ ቀን ሁሉንም ያስረሳል። ማቀዝቀዣው ላይ አንድ ወረቀት ይለጥፉ፤ ቀኑን ይጻፉና በየጊዜው ጭረት ያድርጉ፣ አንድ መስመር ለመጉዳት፣ አንድ መስመር ላለመታዘዝ። መቁጠሩን ከዛሬ፣ ወንበሩ ከመመለሱ በፊት፣ ይጀምሩ፤ ማወዳደሪያው ያ ነው። ጭረቶቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ካልቀነሱ መጀመሪያ የሚፈተሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ አስሩ ደቂቃ ጨዋታ በእርግጥ በየቀኑ ተካሂዷል ወይ፣ ወንበሩ ላይ ሳለስ ማን ምን ተናገረ?

እነዚህ ሁለቱ ተስተካክለው አንድ ወር ሙሉ ምንም ለውጥ ከሌለ፣ ወይም ንክሻው ቆዳ የሚቀድ ከሆነ፣ ራሱን የሚጎዳ ከሆነ፣ አነጋገሩ ከእኩዮቹ ወደኋላ የቀረ ከመሰለዎ የሕፃናት ሐኪም ወይም የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ ይይልዎ። የጆሮ ምርመራም ይጠይቁ፤ ከኋላ ሲጠሩት የማይዞር፣ ፊት ለፊት ሲያናግሩት ግን የሚታዘዝ ልጅ እምቢተኛ ላይሆን ይችላል።